የሜዳው ደጀን፤ ስለ ወይዘሪት ናኦሚ ግርማ የተማሪነት ዘመን ለወላጆች የቀረበ

የቀድሞ አባቶቻችን ጦር ባሰለፉ ጊዜ ፊታውራሪው ከፊት ይቀድማል፤ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች በየጎናቸው ይሰለፋሉ፤ ደጀኑ ደግሞ ከኋላ ይቆማል። ድል በሆነ ጊዜ ፎካሪው አብዝቶ የሚያነሣው ፊት የቀደመውን ሰው ነው። ከኋላ ቆሞ ስንቁን፣ ቍስለኛውንና የመመለሻውን መንገድ የጠበቀው ሰው ግን ስሙ በጥቂቱ ይነሣል። ይሁን እንጂ ደጀን የሌለው ጦር አንድ ጊዜ ከተሰበረ እንደገና ለመሰብሰብ የማይችል መሆኑን የጦርን ነገር የሚያውቁ ሁሉ ይመሰክራሉ።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍላችሁ ያሰብነው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ አገር ተወልዳ፣ በኮሌጅ ተማሪነቷ ዘመን በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ደጀን ሆና ስለ ቆመች አንዲት ልጅ ነው። ስሟም ወይዘሪት ናኦሚ ግርማ ይባላል። የዚህችን ልጅ ታሪክ የምናቀርበው ዝናዋን ለማወጅ ብቻ አይደለም፤ እኛ ራሳችን በቤታችን ውስጥ ያደረግነው ስሕተት ስላለና ሌላው ወላጅ ከዚያ እንዲማር ብለን ነው።

ስሕተቱም እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. በዚህ በደሴ ከተማ፣ ያን ጊዜ 11 ዓመት የሆናት ልጃችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ኳስ መጫወት ጀመረች። አጎቷም ኮምቦልቻ ወርዶ የኳስ ጫማ ገዝቶ አመጣላት። እኛ ግን አንድ ቀን ከፍርድ ቤት ሥራችን ስንመለስ ጉልበቷ ተልጦ ባየናት ጊዜ፣ «ሴት ልጅ በሜዳ ስትሮጥ ጎረቤት ምን ይላል?» ብለን ተቈጣን። ጫማውንም ወስደን አሮጌ ወረቀት በምናኖርበት ሣጥን ቈለፍንበት። ልጂቱም «እሺ አባባ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልመለሰችም። ዝም ማለቷንም የመታዘዝ ምልክት አድርገን ቈጠርነው። በጨዋታው ላይ ምን ሥራ እንደ ነበራት፣ በየትኛው ስፍራ እንደምትቆም እንኳ አልጠየቅናትም ነበር።

አሁን ወደ ወይዘሪት ናኦሚ ታሪክ እንመለስ። ናኦሚ የተወለደችው ሰኔ 7 ቀን 1992 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ግዛት ሳን ሆዜ በተባለው ከተማ ነው። አባቷና እናቷ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ወጥተው በዚያ አገር የሠፈሩ ናቸው። በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ከሁሉ የሚያስጨንቀው ልጁ የአገሩን ሰው ሳያውቅ እንዳያድግ ነው። እንጀራው በቤት ይጋገራል፤ ቋንቋውም በማዕድ ዙሪያ ይነገራል፤ ነገር ግን ጎረቤት የሌለው ቋንቋ ቶሎ ይደክማል።

ስለዚህ አባቷ አቶ ግርማ በዚያው ከተማ ከሚኖሩ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጋር ሆነው ማለዳ የተባለ የኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም ዋንጫ ለመሻት የተቋቋመ አልነበረም። በዕረፍት ቀን ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ መስክ ተሰብስቦ፣ ልጆች እየተጫወቱ ወላጆችም እየተጨዋወቱ እንዲውሉ ነው እንጂ። ናኦሚም በ5 ዓመቷ ገደማ ኳስን ለመጀመሪያ ጊዜ የመታችው በዚሁ በማለዳ ነው። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ሳይለይ፣ ትልቁ ከትንሹ ጋር ተቀላቅሎ በሚጫወትበት መስክ ላይ ያደገ ሕፃን፣ ከእርሱ የሚበረታውን ሳይፈራ ከእርሱ የሚያንሰውንም ሳይንቅ ይማራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ የጥቂት ስደተኛ ቤተ ሰቦች የዕረፍት ቀን ጨዋታ ከጊዜ በኋላ ለዓለም የታወቀች ተጫዋች አበረከተ።

በዚህ ስፍራ ላይ ስለ አንድ ሕግ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልገናል። እኛ የሕግ ወረቀት በመገልበጥ የምንኖር ስለ ሆንን ይህን ብናልፈው አይቀናንም። በአሜሪካ አገር ሰኔ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት አንድ የትምህርት ሕግ አለ። የዚህ ሕግ ዋነኛው አንቀጽ በእንግሊዝኛ 37 ቃል ብቻ ነው። ፍሬ ነገሩም፣ የመንግሥት ገንዘብ በሚቀበል በማናቸውም የትምህርት ሥራ ውስጥ ሰው በወንድነቱ ወይም በሴትነቱ ምክንያት እንዳይገለል የሚል ነው። በአንቀጹ ውስጥ ስለ ኳስ ወይም ስለ ሩጫ የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ነገር ግን ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል፣ ኮሌጆች ለወንዶች ቡድን አቋቁመው ሴቶችን ከደጅ ለማቆም የማይቻላቸው ሆነ። ስለዚህ የሴቶች ቡድን ተቋቋመ፤ አሠልጣኝ ተቀጠረላቸው፤ ጎበዝ ለሆኑትም ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣቸው ጀመር። ናኦሚ በተወለደች ጊዜ ይህ ሕግ 28 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። እንግዲህ አንዲት ልጅ ወደ ሜዳ ስትወጣ፣ ከኋላዋ ወላጅ ብቻ ሳይሆን ሕግም ደጀን ሆኖ ቆሞላት ነበር ማለት ነው።

ናኦሚ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከትውልድ ከተማዋ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዚያም የመረጠችው ትምህርት ፍልስፍናን፣ ሥነ ልቡናን፣ የቋንቋ ጥናትንና የኮምፒዩተርን ዕውቀት በአንድነት የሚያጣምር ነው። ኳስ የሚጫወት ልጅ ትምህርት ይጠላል የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ብለው እንዲመለከቱት እንለምናቸዋለን። በዚያ አገር የኮሌጅ ተጫዋች የሆነ ሰው ጧት ከመምህር ፊት ይቀመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ይሠራል፤ ማታ መጽሐፉን ይገልጣል። በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ ከጨዋታ ይታገዳል።

በሜዳ ላይ የተሰጣት ስፍራ የመሐል ተከላካይነት ነበር። የእግር ኳስን ሥርዐት ለማያውቁ አንባቢዎቻችን እንዲህ ብለን እናስረዳለን። በአንድ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ አንዱ በረኛ ነው። ከበረኛው ፊት አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰዎች ይቆማሉ፤ ከእነዚህም መካከል በመሐል የሚቆሙት 2ቱ የግቡ ደጀን ናቸው። አጥቂ 10 ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ሕዝብ ያጨበጭብለታል። ተከላካይ ግን 10 ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢሳሳት፣ ሰው የሚያስታውሰው ያችን አንዲቱን ነው። ደግሞም ተከላካይ ኳስ ባየ ቍጥር የሚሮጥ እንደ ሆነ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሁሉ የቆመበትን ስፍራ ለጠላት ይለቅቃል። ናኦሚ የታወቀችው ሰውን በመጣልና በጉልበት በመጋፋት አይደለም። የባለጋራዋን ዐሳብ አስቀድማ በመረዳት፣ ኳሱ ሊደርስበት ካለው ስፍራ ቀድማ በመገኘትና ኳሱንም ከቀማች በኋላ በከንቱ ሳትለጋው ለወገኗ በሥርዐት በማቀበል ነው። ይህ ዐይነቱ ሥራ ለተመልካች አይታየውም፤ ምክንያቱም ሊደርስ የነበረው አደጋ ሳይደርስ ይቀራል።

በሁለተኛ ዓመቷ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለች የስታንፎርድ ቡድን አለቃ ሆነች። በዚያውም ዓመት ቡድኑ ለአገሪቱ ኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው ኅዳር 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የተደረገው በሳን ሆዜ፣ ማለትም ናኦሚ ተወልዳ ባደገችበት ከተማ ነበር። ባለጋራቸው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በሴቶች የኮሌጅ ኳስ ይህን ያህል ብዙ ዋንጫ የወሰደ ሌላ ትምህርት ቤት የለም። 90 ደቂቃ ተጫወቱ፤ ግብ አልተቈጠረም። ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ተጨመረ፤ አሁንም አልተቈጠረም። 110 ደቂቃ ሙሉ ያን ያህል ኃይለኛ ቡድን አንድ ግብ እንዳያገባ መከልከል የደጀን ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጹም ቅጣት ምት እንዲለይ ሆነ። ኬቲ ማየር የምትባል የስታንፎርድ በረኛ ሁለት ምት መለሰች፤ ስታንፎርድም 5 ለ 4 አሸነፈ። ይህም ለዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ዋንጫው ነበር። ኬቲና ናኦሚ በአንድ ዓመት የገቡ፣ በሜዳ አንዲቱ ከፊት አንዲቱ ከኋላ ቆመው አንድ ግብ የሚጠብቁ፣ ከሜዳም ውጭ የልብ ጓደኞች ነበሩ።

ደስታ ግን ብቻውን አይመጣም። በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ናኦሚ ለአገሪቱ ታላቅ ቡድን ለመመረጥ ተቃርባ ሳለች የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት በጉልበት ውስጥ የጭንንና የቅልጥምን አጥንት አያይዞ የሚይዝ ነው። አንድ ጊዜ ከተበጠሰ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ ከዚያም ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት እንደ ሕፃን እንደገና መራመድንና መሮጥን ይማራል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ወጣት ሴት ተጫዋች ተብላ ሽልማት የተሰጣት ቢሆንም፣ ሽልማት የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም። ናኦሚ ከሜዳ ርቃ ቆየች። ነገር ግን ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ በ2021 ወደ ሜዳ ተመልሳም የመጨረሻ የኮሌጅ ዘመኗን ፈጸመች። ለዚህ ነው ለልጅ አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው ቤት አትሥሩለት የምንለው። ጉልበት ቢደክም መጽሐፉ ይቆያል፤ መጽሐፉ ቢከብድ መስኩ ያሳርፋል።

በዚያው ጊዜ እኛ በደሴ የነበርን ሰዎች ሌላ ነገር ገጥሞን ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ስለ ደረሰ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ይዞ ወጣ። እኛም ወጥተን ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር በአንድ የትምህርት ቤት ግቢ ተጠጋን። በዚያ ግቢ ውስጥ ልጆች አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ሞልተው፣ በገመድ አስረው ኳስ አበጁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግድግዳ ጥግ ተቀምጠን ሳለን፣ ልጃችን ከሁሉ ኋላ ቆማ ታናናሾቿን «አንተ ወደዚህ፣ አንቺ ወደዚያ» እያለች ስታሰልፍ አየናት። ከአጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት፣ ከመጡ ጀምሮ ሲያለቅሱ የሰነበቱ፣ ልጃቸው ሲሥቅ ባዩ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ እኛ ያፈርንበትን ነገር ሌላው ሰው በረከት አድርጎ እንደ ተቀበለው ተረዳን። በሳን ሆዜ መስክ የተሰበሰቡት ወላጆችም ያደረጉት ይህንኑ እንደ ነበረ ያስተዋልነው በኋላ ታሪካቸውን ስናነብ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ወደ ደሴ የመመለሻው መንገድ ተከፈተ፤ እኛም በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ገባን። ናኦሚ የሙያ ተጫዋች ሆና የተመረጠችው በዚያው ሰሞን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። በዚያ አገር ኮሌጅ የጨረሱ ተጫዋቾችን ቡድኖች በየተራ የሚመርጡበት ሥርዐት ነበራቸው፤ ሳን ዲዬጎ ዌቭ የተባለው አዲስ ቡድን ከሁሉ በፊት የጠራው የእርሷን ስም ነው። በደሴ ደግሞ የእኛ ቤት ምንም እንኳ ዕቃው ቢተራመስ፣ ያ የወረቀት ሣጥን በስፍራው ነበር። ከፍተን ጫማውን አወጣንና ለልጃችን ሰጠናት። ተቀምጣ እግሯን አገባች፤ አልገባም። በአንድ ዓመት ውስጥ እግሯ አድጎ ጫማው ጠቧት ነበር። «ምንም አይደል አባባ፤ ለታናሽ እኅቴ ይሆናል» አለችን። በሥራችን ብዙ የፍርድ ወረቀት ገልብጠናል፤ እንደዚህ ያለ ከባድ ፍርድ ግን በእጃችን አላለፈም።

ከዚህ ወዲያ የናኦሚ ነገር ፈጥኖ ሄደ። ሚያዝያ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈች። በመጀመሪያውም የሙያ ዓመቷ የዓመቱ አዲስ ተጫዋችና የዓመቱ ተከላካይ የሚባሉትን ሁለቱን ሽልማቶች በአንድነት ወሰደች፤ ይህም በሊጉ ከእርሷ በፊት ለማንም ያልሆነ ነው። በ2023 የአገሪቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ተባለች፤ ይህን ክብር ከተከላካዮች ወገን ያገኘች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ የኦሊምፒክ ጨዋታ ቡድኗ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፎ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት፤ ለሴት ተጫዋች ይህን ያህል ዋጋ ሲከፈል የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ክብር መካከል የሚያሳዝን አንድ ነገር አለ፤ ለወላጆችም ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት በዚህ ውስጥ ያለ ስለ መሰለን አንሸሽገውም። በ2012 ዓ.ም. ሁለት ምት የመለሰችው ኬቲ ማየር፣ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመቷ፣ በዩኒቨርሲቲው ሳለች በራሷ እጅ ሕይወቷ አለፈ። ብርቱ፣ ደስተኛና ተወዳጅ ሆና ለሰው ሁሉ ትታይ ነበር። ናኦሚ በ2015 ዓ.ም. ወደ ዓለም ዋንጫ ስትሄድ ያን ውድድር ለጓደኛዋ መታሰቢያ አደረገችው፤ ወጣቶች የልባቸውን ጭንቀት ሳያፍሩ እንዲናገሩ፣ የሚሰማቸውም ሰው እንዲያገኙ በአደባባይ ለመነች። ስለ ግቧና ስለ ሽልማቷ ለመናገር በሚቻልበት ሰዓት ስለ ጓደኛዋ መናገሯ፣ ደጀንነቷ ለሜዳ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጅ «እሺ» ብሎ ዝም ባለ ጊዜ ተስማምቷል ማለት አይደለም። ብርቱ የሚመስለው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ማታ ከማዕድ በኋላ «ስንት አገኘህ? ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «እንዴት ዋልህ? ልብህ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱም ባይመጣ ነገ ደግሞ እንጠይቅ። ጥሩ ደጀን አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚጮኽ አይደለም፤ አስቀድሞ በስፍራው የሚገኝ ነው።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ቃል እንጨምራለን። በከተማችን ያለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት በወይዘሮ ስሂን ስም የተሰየመ ነው፤ እርሳቸውም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ነበሩ። አባቶቻችን ለትልቅ ትምህርት ቤት የሴት ስም ለመስጠት ካላፈሩ፣ እኛ ለሴት ልጅ አንድ መስክ ለመስጠት የምናፍርበት ምክንያት የለም። ሁሉም ልጅ እንደ ናኦሚ ይሆናል ብለን አንዋሽም፤ ከብዙ ሺህ አንዲቱ ናት። ነገር ግን ማለዳ የተቋቋመው ስለዚያች ስለ አንዲቱ አልነበረም፤ ስለ ቀሩት ሁሉ ነበር። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ጥቂት ቤተ ሰቦች ተስማምተው በሳምንት አንድ ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ከወጡና እስከ ፍጻሜው ከቆዩ ይበቃል።

እኛም ዛሬ እንዲህ እናደርጋለን። በዕረፍት ቀን ከጦሳ ግርጌ ብርድ ሳይነሣ፣ ከሦስት አራት ጎረቤት ጋር ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሜዳ እንወጣለን። ትልቂቱ ልጃችን አዲስ ጫማ አላት፤ እንደ ቀድሞውም ከኋላ ትቆማለች። ያን አሮጌውን ጫማ ታናሽ እኅቷ አድርጋዋለች። እኛ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነጠላችንን ተከናንበን እናያለን። አንድ ቀን ልጂቱ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ እስኪያልቅ ትቆያለህ?» ብላ ጠየቀችን። «እንቈያለን» አልናት፤ ቈየንም።